ኬላ ላይ ብቅ ያለው ባሕር

ለወልቂጤና ለቡታጅራ ታዳሚዎች የተዘጋጀ ዲስኩር



ቡታጅራ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ጧት ሲሚንቶ መሸጫ ደጃፍ ላይ ሲቆም በሐሳቡ የሚመላለሰው ዋጋው ነው። ሃምሳ ኪሎዋ ከረጢት ዛሬ ስንት ገባች? ለመሠረቱ ስንት ከረጢት ይበቃል? ለልስኑስ? ከረጢቱ ውስጥ ያለው ግራጫ ዱቄት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው ግን መልስ አለው፤ መልሱም ከሚጠበቀው በላይ ሩቅ ይወስዳል። የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ የኖራ ድንጋይ ነው። በሃ ድንጋይም ይባላል፤ የፋብሪካ ሰዎች ላይምስቶን ይሉታል። ድንጋዩ ተፈጭቶ ከሸክላ አፈር ጋር ይደባለቃል፣ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቃጠላል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቂት ጂፕሰም ታክሎበት እንደገና ይፈጫል። ድንጋዩ ራሱ ደግሞ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የባሕር ወለል ጭቃ ነው። ቀንድ አውጣው፣ ዛጎሉና ዓይን የማያያቸው የባሕር ፍጥረታት ሽፋን እየረገፈ፣ እየተጠራቀመና እየተጫነ የሠራው ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ላይ በብሎኬት የቆመ ቤት ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ጥንታዊ ባሕር አለ።

ይህን ድንጋይ ከከረጢት ወጥቶ፣ በተፈጥሮ ቦታው፣ ወንዝ ሰንጥቆት ማየት የሚፈልግ ሰው ወዴት ይሂድ? የወልቂጤ ሰው መልሱ ደጁ ላይ ያለ ይመስለዋል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄደ ቁልቁል ይያያዛል። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጊቤ ድልድይ ያለው ግን 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአንድ ቁልቁለት 800 ሜትር ያህል ይወረዳል። ወይናደጋው ቀርቶ ግራር ይመጣል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል፣ ካፖርት የለበሰ መንገደኛ ያወልቃል። ማዶ ያለው ዳገት ወደ አበልቲ ያወጣል። ሕዝቡ ቦታውን ጊቤ በረሃ ይለዋል። ጉማሬ የሚውልበት ወንዝ አለ፣ በዳርቻውም የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ አለ።

ጊቤ በረሃ በሌላም ነገር ይታወቃል። ሸለቆው ለረጅም ዘመን የገንዲ አገር ነበር። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ይህ የከብት በሽታ በሬውን እያመነመነ ስለሚገድል ገበሬው ሞቃቱንና ለሙን መሬት ትቶ ደጋውን ይመርጥ ነበር። ዛሬ ኢልሪ የሚባለው የእንስሳት ምርምር ተቋም በቀድሞ ስሙ ኢልካ ሳለ፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሸለቆ የገንዲን ነገር ለዓመታት አጥንቷል። የዝንቡ ቁጥር በቁጥጥር ሥር በዋለባቸው ቦታዎች ሰፋሪውና አራሹ እየበዛ ሄደ። ጎብኚ ሸለቆን ሲያይ ውበቱ ይቀድመዋል፤ ሸለቆው ግን ማን የት እንደሚኖር፣ ማን በምን እንደሚያርስም ሲወስን ኖሯል።

ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ጊቤ ታላቅ ሸለቆ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ሸለቆ ግን አይደለም። በመንገዱ ዳር የሚታየው ጥቁርና ግራጫ ዓለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ባዛልት አለ፣ ከጋለ አመድ የተጋገረ ድንጋይም አለ። የጉራጌ ከፍተኛ ቦታዎች፣ ከ3,700 ሜትር በላይ የሚቆመውን የዘቢደርን ተራራ ጨምሮ፣ የእሳት ሥራ ናቸው። ከቡታጅራ ብዙ ሳይርቅ፣ በስልጤ በኩል ያለው የሐረ ሸይጣን ሐይቅም የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። እዚህ አገር የሚበዛው እሳት የሠራው ድንጋይ ነው። ውሃ የሠራውን ድንጋይ በግልጽ ለማየት አባይ በረሃ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፤ ወይም እንደዚያ ይመስላል።

ከቡታጅራ የተነሳ ተጓዥ ወደ አባይ በረሃ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያልፈው ኬላን ነው። ቀጥሎ ቡኢ ይመጣል፣ ከዚያ ጢያ። ይህ መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከአለምገና ወደ ወላይታ ሶዶ መንገድ ለማስወጣት የጉራጌ ነጋዴዎችና ገበሬዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው ማኅበር አቋቁመዋል። መንግሥት እስኪመጣ ያልጠበቀ ሕዝብ ዓለቱን በራሱ ወጪ አስፈልጧል። ጢያ ላይ ደግሞ ሰው በሌላ ዓላማ የጠረበው ድንጋይ ቆሟል። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቦታ 36 ትክል ድንጋዮችን ይዟል፤ 32ቱ ላይ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል። ጥቂት ወደፊት፣ አዋሽን ከመሻገር በፊት፣ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ቦታ ጥንታዊ ሰዎች ከእሳተ ገሞራ መስታወት ማለትም ከኦብሲዲያን ስለት ያወጡበት ነው። ከቡታጅራ እስከ አዋሽ ባለው መንገድ ሰውና ድንጋይ ሲገናኙ የኖሩት እንዲህ ነው። ተጓዡ ግን ብዙውን ጊዜ ጢያ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ኬላን በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋል። ወደ ኬላ በመጨረሻ እንመለሳለን።

አዲስ አበባ፣ ጫንጮ፣ ፍቼ፣ ገርባ ጉራቻ፤ ከዚያ ጎሃ ጽዮን። ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ሜዳው ባልታሰበ ሁኔታ ያልቃል። ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ጥቁር አፈር ላይ ሲነዳ የቆየ ሰው ከፊቱ ምድር የለም። ማዶ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ጎጃም ይታያል። ደጀን እዚያ ማዶ ናት፤ በዓይን ቅርብ ናት፤ በመንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁልና ሽቅብ ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ጥልቀት 1,400 ሜትር ያህል ነው። እንጦጦ ከመሐል አዲስ አበባ በላይ ያለው ከፍታ ብቻውን ይህን ሸለቆ አይሞላውም።

ሹፌሮች «በረሃውን መውረድ» ይሉታል። ልምድ ያለው የተሳቢ ሹፌር በረሃውን የሚወርደው በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነው። ገና ከአፋፉ ማርሹን ያወርዳል፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጋል፣ ፍሬኑን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሰው በግማሽ መንገድ ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ ያስቆመዋል፤ ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ ከጎማ ሥር ያስቀምጣል፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ለጎብኚው እንዲህ ያለው መቆም ጥሩ ዕድል ነው። መኪና ቶሎ ቶሎ የሚያሳልፈውን የመንገድ ዳር ግድግዳ ቀርቦ ለማየት ጊዜ ይሰጠዋል።

ግድግዳው እንደ መሶብ እንጀራ የተደራረበ ነው፤ መጀመሪያ የተጋገረው ከታች፣ መጨረሻ የተጋገረው ከላይ። ከላይ ያለው ጥቁር ባዛልት ነው፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የኢትዮጵያን ደጋ ያለበሰው ያ የእሳት ጎርፍ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል፣ ከዚያ ቀይና አረንጓዴ የጭቃ ድንጋይ። በዚህ የጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ በጀማ ሸለቆ በኩል፣ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ከዚህ በታች ነው ቀለሙ የሚለወጠው። ጥቁሩና ቀዩ ይቀርና ቢጫ ያዘለ ነጭ ግድግዳ ይጀምራል። የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይህ ነው። ስሙ የመጣው ከትግራይ፣ ከመቀሌ ደቡብ ካለችው ከአንታሎ ነው፤ ድንጋዩ ግን ከትግራይ እስከ አባይ ይዘልቃል። አባይ ላይ ውፍረቱ 400 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከኖራ ድንጋዩ ሥር ጂፕሰምና ሸክላ መሰል ድንጋይ አለ፤ ከእነሱ ሥር ደግሞ ሌላ፣ በዕድሜ የገፋ የአሸዋ ድንጋይ ወንዙን ያጅባል።

ይህን ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ያነበበ ሰው የአገሩን ታሪክ ያነባል። መጀመሪያ ወንዞች አሸዋ ያመጡበት ምድር ነበር። ከዚያ ባሕሩ ጥልቀት ሳይኖረው ገባ፤ ፀሐይ ውሃውን እያተነነች ጨውና ጂፕሰም ትታ ሄደች። ቀጥሎ ባሕሩ ሰፋ፣ ጠለቀ፣ ሕይወት በዛበት፤ የኖራ ድንጋዩ የዚያ ዘመን ነው። ከዚያ ባሕሩ አፈገፈገ፣ ጭቃና አሸዋ ተመለሰ። በመጨረሻ ምድሪቱ ተሰንጥቃ እሳት አፈሰሰች።

የመንገዱ ዳር ላይ ከወደቀው ነጭ ድንጋይ አንድ ቁራጭ፣ የጡጫ ያህል፣ አንስቶ ማየት ይቻላል። ከሩቅ ተራ ነጭ ድንጋይ ነው። ወደ ዓይን ሲቀርብ ገጹ ለስላሳ አይደለም፤ እንደ አውራ ጣት ጥፍር የተቆለመሙ ቅርጾች ተነቅሰውበታል። አንዳንዱ በሁለት የተከፈተ የቅርፊት ግማሽ ነው፣ አንዳንዱ የዙሪያው መስመር የተቆጠረ ይመስላል። በቢላ ቢፋቅ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ያን ዱቄት በሰሃን አድርጎ ጥቂት አቼቶ ጠብ ቢያደርጉበት ይንቸረቸራል፣ ጥቃቅን አረፋ ያወጣል። ባዛልትን ቢፍቁት ግን ዱቄቱ አቼቶ ሲነካው ዝም ይላል። የጂኦሎጂ ባለሙያ በከረጢቱ የሚይዛት ትንሽ የአሲድ ብልቃጥ ሥራም ይኸው ነው፤ ኖራ ነህ ወይ ብላ ድንጋዩን ትጠይቀዋለች።

ያ አረፋ ሸለቆ እንዴት እንደሚቦረቦርም ይናገራል። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ በጣም ደካማ አሲድ ይሆናል። ባዛልትን ይህ ውሃ ብዙም አይጎዳውም፤ የኖራ ድንጋይ ግን ይሟሟለታል። በስንጥቁ እየገባ ያሰፋዋል፣ ከሥር ዋሻ ይሠራል፣ የያዘውን ኖራ ሌላ ቦታ ወስዶ እንደገና ድንጋይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የኖራ ድንጋይ ያለበት ወንዝ አንዳንዴ ሸለቆውን ከላይ ሳይሆን ከውስጥ ይቆፍራል።

የዚህ ትልቁ ምስክር ባሌ ውስጥ ነው። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የዌብ ወንዝ ከሮቤና ከጎሮ በታች፣ በምሥራቅ፣ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ያገኛል፤ ዞሮ አያልፈውም፣ ውስጡን ሰንጥቆ ይገባል። ሶፍ ዑመር ይኸው ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የተለካው የዋሻው መተላለፊያ ርዝመት 15.1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ረጃጅም ከሚባሉት ዋሻዎች አንዱ ነው። ወንዙ የሚገባበት በር አየዉ ማኮ ይባላል፣ የሚወጣበት ሆሉቃ። በመሐል ውሃው የጠረባቸው ዓምዶች ጣሪያውን ተሸክመው እንደ መስጊድ አዳራሽ ቆመዋል። ቦታው በእርግጥም የጸሎት ቦታ ነው። በትውፊት ሼኽ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ተጠልለውበታል፤ ዛሬም ምእመናን ለዚያራ ይሄዱበታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሶፍ ዑመር ግን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዕጩነት ዝርዝር ላይ ነው። ተራራው ተመዝግቦ ከተራራው የሚወርደው ውሃ የሠራው ድንቅ ዋሻ እስካሁን በዕጩነት መቆየቱ የሚያስቆጭ ነው።

አባይ ግን ዋሻ አልመረጠም። ጉልበቱ ብዙ፣ የሚሸከመው አሸዋና ድንጋይም ብዙ ስለሆነ የኖራ ድንጋዩንም የአሸዋ ድንጋዩንም አንድ ላይ ከላይ እስከ ታች መጋዝ እንደነካው እንጨት ቆርጦታል። ይህ ቁፋሮ መቼ እንደተጀመረ ተመራማሪዎች እኩል አይናገሩም። አንዳንዶቹ ከባዛልቱ መፍሰስ ብዙም ሳይቆይ፣ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደተጀመረ ያምናሉ። ሌሎች ደግሞ ዋናው ጥልቀት የተገኘው ደጋው ይበልጥ ከፍ ሲል፣ ባለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው ይላሉ። በአንዱ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ምድር ከፍ ባለች ቁጥር ወንዙ ጠልቆ ይቆፍራል።

ቁፋሮው አላቆመም። የአባይ በረሃን መንገድ የሚያውቅ ሰው አስፋልቱ ሲሰነጠቅ፣ ሲሰምጥ፣ ከላይ የወረደ ድንጋይ መንገድ ሲዘጋ ደጋግሞ አይቷል። ከኖራ ድንጋዩ ሥር ያለው ሸክላ መሰል ድንጋይ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ በላዩ ያለው ክብደት ቁልቁል ይንሸራተታል። የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የመሬት መንሸራተቱን ራሱን ችሎ አጥንተውታል። ሸለቆውን የሚያቋርጠው የህዳሴ ድልድይም የጃፓን ትብብር ውጤት ነው። ካጂማ የተባለው ኩባንያ የሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ድልድይ ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚሌኒየም ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ተመረቀ። ከጎኑ አሮጌው ድልድይ ቆሟል። ድልድዮቹ በጥበቃ ሥር ስለሆኑ ጎብኚ ካሜራውን ከፍ ከማድረጉ በፊት ጠባቂዎቹን ይጠይቅ።

ስለ ጉዞ ሲነገር ሊዘለል የማይገባ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት፣ በሰሜን ሸዋ በኩል ያለው የመንገድ ስጋትም ተጨምሮ፣ ጎሃ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለውን ጉዞ ብዙ ሰው የሚፈራው ጉዞ አድርጎታል። ነጋዴው፣ ታማሚው፣ ተማሪው ያን በረሃ በጭንቀት ተሻግሯል። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ዛሬ የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣራ ቤተሰቡን ይዞ አይውረድ። ይህን መናገር ያማል፤ አባይ በረሃ የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ በሰላም ወርዶ በሰላም ሊወጣው የሚገባው ሸለቆ ነው።

ታዲያ እስከዚያው የቡታጅራ ተማሪ የኖራ ድንጋይን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ይወቀው? አይደለም። ወደ ኬላ የምንመለሰው አሁን ነው።

ቡታጅራ ያለችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። የጉራጌ ተራሮች በምሥራቅ በኩል ድንገት የሚቆረጡት፣ ከዘቢደር ትከሻ ወደ ዝዋይ በኩል የሚታየው ሜዳ ዝቅ ብሎ የተኛው ምድር ተሰብሮ ስለወረደ ነው። ምድር ስትሰበር ሁሉም ቁራጭ እኩል አይወርድም። አንዳንዱ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዱ በሁለት ስብራት መካከል ከፍ ብሎ ይቀራል። ባለሙያዎች እንዲህ ከፍ ብሎ የቀረውን ሆርስት ይሉታል። በኬላ አካባቢ ያለው እንዲህ ያለ ነው፤ በምርምር ጽሑፎች «የኬላ ሆርስት» በሚል ስም ይታወቃል። ኢትዮጵያዊው የጂኦሎጂ ተመራማሪ ዶክተር ጊዳይ ወልደገብርኤልና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ስለ መካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ባወጡት ጥናት የጉራጌ ጠርዝ ላይ ትልቅ ትኩረት አድርገዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የኬላን ሆርስት ለብቻው ርዕስ አድርገው ጽፈውበታል።

ለምን ይህን ያህል ትኩረት ሳበ? በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ዙሪያ ሁሉ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ከላይ ተደርቦ ከሥሩ ያለውን ደብቆታል። ኬላ ላይ ግን መጋረጃው ተገልጧል። ጥንታዊው የመሠረት ዓለት፣ በላዩም ውሃ ያስቀመጣቸው የአሸዋና የኖራ ድንጋዮች፣ ፀሐይ ላይ ወጥተዋል። አባይ 1,400 ሜትር ቆፍሮ ያሳየውን ድንጋይ ኬላ ላይ የምድር ስብራት ወደ ላይ አንስቶ አሳይቶታል።

ያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አባይ በረሃ የወረደው የቡታጅራ ተጓዥ፣ ባሕሩን ፍለጋ ሲወጣ፣ ጉዞው ሲጀመር በባሕሩ ጠርዝ አልፎ ነበር።

ይህ ለሳይንስ ሰዎች ብቻ የሚሆን ወሬ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ባለበት ቦታ ሁሉ ሁለት ፈላጊዎች ይመጣሉ፤ አንዱ ሊያየው፣ ሌላው ሊፈጨው። በሙገር ሸለቆ ሁለተኛው አሸንፏል፤ ያም ቢሆን በምክንያት ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፣ ደርባ በ2012፣ ዳንጎቴ በ2015 እ.ኤ.አ. ተከተሉ። አገር ቤትና ድልድይ ያስፈልጋታልና ድንጋዩ መቆፈሩ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ሙገርና አባይ ላይ የኖራ ድንጋዩ በመቶዎች ሜትር ውፍረት፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርዝመት የተዘረጋ ነው። ኬላ ላይ ያለው ትንሽ መስኮት ነው። ትንሽ መስኮት በጥቂት ቁፋሮና በጥቂት የጠጠር መኪና ሊዘጋ ይችላል። ጠጠርም ሆነ የግንባታ ድንጋይ ለማውጣት ፈቃድ የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው መሬት ምን እንደያዘ አስቀድሞ ቢያጣራ ተገቢ ነው።

የጊቤ ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሸለቆ ሁልጊዜ እንደነበረ አይቆይም። በጎማ ጀልባ የኦሞን ወንዝ የሚወርዱ የውጭ ተጓዦች ለረጅም ዓመታት ጉዟቸውን የሚጀምሩት ከጊቤ ድልድይ፣ ከወልቂጤ ሰው ደጅ ነበር። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ 243 ሜትር ቁመትና 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ያጠራቀመው ውሃ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተዘርግቶ የጥንቱን ገደል ሐይቅ አድርጎታል። አገሪቱ መብራት አገኘች፤ በጠባቡ ገደል ውስጥ የሚወርደው የጀልባ ጉዞ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። አንድ ቦታ ሲለወጥ ምን እንደነበረ ቀድሞ የጻፈ፣ ያሳየና ያስተማረ ሰው ካለ ለውጡ ኪሳራ ብቻ አይሆንም። ካልተጻፈ ግን የነበረው ሁሉ አብሮ ይሰጥማል።

የጉራጌ ሰው የጋራ ቦታን መጠበቅ ከሌላ መማር አያስፈልገውም። ጀፎረ አለው። በመንደሩ መሐል የሚያልፈው ያ ሰፊ ሣር የለበሰ መንገድ ስንት ትውልድ ሲወለድ ማንም ለእርሻዬ ልቁረሰው ሳይል ኖሯል። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የልጆች ጨዋታው፣ የከብቱ መዋያ እዚያ ነው። ጀፎረን ያስከበረ ባህል አንድ ሄክታር የኖራ ድንጋይ ማስከበር አያቅተውም፤ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ካወቀ።

ስለዚህ ጥያቄው ለእያንዳንዳችሁ ነው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን በአውቶቡስ ጭናችሁ ወደ ኬላ ውሰዷቸው፤ መዶሻና ብልቃጥ አሲድ ያዙ፣ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። የቡታጅራና የቡኢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህራንም፣ አሲድ ካልተገኘ ከማድ ቤት አቼቶ ውሰዱ። በወልቂጤና በቡታጅራ ያላችሁ የዞን የባህልና ቱሪዝም ሠራተኞች ጢያን ሊያይ የመጣውን ጎብኚ ኬላ ላይ የሚያስቆም አንድ ሰሌዳ አቁሙ፤ በአማርኛና በጉራጌኛ፣ ይህ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር ብሎ የሚናገር። የአካባቢው ሽማግሌዎችም ነጩን ድንጋይ በልጅነታችሁ በምን ስም ትጠሩት እንደነበር፣ በምን ላይ ታውሉት እንደነበር ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ከቡታጅራ እስከ ኬላ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም።